በቴሌቪዥን የጠፋው ወንድሜ ነው

አይደለሁም አልኩ እኮ። የጠፋሁት እኔ አይደለሁም። እኔ አንድ ቀን እንኳን ጠፍቼ አላውቅም፤ ብጠፋማ መገናኛ ታክሲ ተራ ሥራ ያቆም ነበር። እርስዎም፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ፣ ደረጃው ላይ ቆመው «ልጁ አፍሮ ነው ወንድም ነበረኝ የሚለው፤ የጠፋው ራሱ ነው፣ በዓይኔ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነትዎን ነው፣ ያዩት እኔን ነው። እሱን መቼ ካድኩ። ባህር ዛፍ መሀል ጋቢ ለብሶ ሲሄድ ሲሄድ ዞር ብሎ ያየው ቆንጆ ልጅ እኔ ነኝ። የጠፋው ግን ሌላ ሰው ነው።

እሺ፣ የሚሰማ ይስማ። ወንድም ነበረኝ። ታላቄ ነው። ከቤት ወጥቶ ቀረ። የቴሌቪዥን ሰዎች ሊያፋልጉልን መጡ፤ ካደገ በኋላ የተነሳው ፎቶ ስላልነበረን እኔን እሱ አስመስለው ቀረጹኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ «እንኳን ተገኘህ» ይለኛል። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ስቄ አልፈው ነበር። እኔ ብዙ ነገር ስቄ ያለፍኩ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ግን ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ በስምምነት ተለያየን። ግን ዶክመንተሪ የሚባለውን ነገር ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንፎካከር። ያኔ የምንኖረው ሾላ ገበያ ጀርባ ነው፣ ቆርቆሮው ከቆርቆሮ ተደጋግፎ የቆመበት ሰፈር፤ አንዱ ቤት ቢያስነጥስ ሦስተኛው ቤት «ይማርህ» ይላል። ቤታችን ቴሌቪዥን የለም። የቀበሌው መዝናኛ ውስጥ ግን አለ፤ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ እንደ እስረኛ። ሻይ የያዘ ሰው አይባረርም። እኔ ደግሞ ሻይ አጠጣጥ እችልበታለሁ፤ አንዷን ብርጭቆ ኳስ፣ ዜናና ሁለት ዶክመንተሪ አሳልፍባት ነበር።

ዓይነቱ ብዙ ነው። የልማቱ አለ። ውሃ ሲፈስ ያሳይሃል፣ ቀጥሎ ትራክተር፣ ቀጥሎ አዲስ ሸሚዝ የለበሰ ገበሬ፤ የሸሚዙ እጥፋት ገና አልለቀቀም። «ተጠቃሚ ሆኛለሁ» ይላል ሰውዬው። ያ ሲጀምር መዝናኛው ውስጥ ያለው ሁሉ ሽንቱ ይመጣል። የአውሬው ደግሞ አለ። ፈረንጁ በሹክሹክታ ያወራል፣ የኛ ሰውዬ ከላዩ በአማርኛ ይናገርበታል፣ ፈረንጁ ከስር አያቆምም፤ ሁለቱ ሲከራከሩ አንበሳው ሚዳቋዋን ይጨርሳል። የፖሊሱ አለ፤ የሌባውን ፊት ጭጋግ ያለብሱና ስርቆቱን ሌሎች ልጆች መነጽር አድርገው በትወና ያሳዩሃል። የሐዘኑ ደግሞ አለ። ዋሽንት ይገባል፣ ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ሴትየዋ ፊት ይጠጋል፣ እንባ ሳይዝ አይመለስም። እኔ ገና ዋሽንቱ ሲጀምር ለጀለሶቼ «አሁን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ታነሳለች» እላቸዋለሁ። ታነሳለች። ነቢይ ነበር የሚሉኝ። የኔ እናት አንድ ቀን እዛው ወንበር ላይ ነጠላዋን እንደምታነሳ ግን ነቢዩ አልታየውም።

ወንድሜ ሾላ እህል ተራ ጆንያ ያራግፍ ነበር። እንደኔ አፈኛ አይደለም፤ እሱ ሳቅ ነው ያለው። ቀልዱን እኔ እፈጥራለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ ሰውም በሱ ሳቅ ይስቃል። ስለዚህ ግማሹ የኔ ዝና የሱ ነው። ሹፌር መሆን ነበር ህልሙ። አንድ ጠዋት እማዬ ሽንኩርትና ቃሪያዋን ይዛ ገበያ ወርዳለች፣ እኔ ታክሲ ላይ ነኝ፣ እሱ ባለሱቁ ሐጂ ጋ ሄዶ «እማዬን ከጭነት መኪና ጋር በረዳትነት ወደ ታች ወርጃለሁ በሉልኝ» ብሎ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በመገናኛ ሄደ። በቃ። ሐጂ ቆመው አይተውታል። እማዬ አላየችውም።

እሷን የገደላት ያ ነው። መሄዱን ብዙ አልጠላችውም፤ ወንድ ልጅ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። «ምናለ ፊቴን አይቶ ቢሄድ» ነበር የምትለው። ለበዓል ይመጣል አልን፣ በዓሉ አለፈ። ለሚቀጥለው አልን። እማዬ ገበያው ጫፍ የሚቆሙትን የጭነት ሹፌሮች አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረች፤ ሲያይዋት ሞተር የሚያስነሱ ነበሩ። ከበዓሉ ላይ በዓል ተደረበ፣ ሰውም መጠየቁን ተወ። እኛ ቤት ግን ማታ ማታ በሩ የሚዘጋው በመጨረሻ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ከተኛ በኋላ።

እንዲህ ሆነን ነው እንግዲህ የቴሌቪዥን ሰዎች የመጡት። ልጆቻቸው ወጥተው ስለቀሩባቸው ቤተሰቦች ፕሮግራም እንሠራለን አሉ። ዳይሬክተሩ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ ሲያወራ በሁለት እጁ አየሩ ላይ ሳጥን ይሠራል። ካሜራማኑ ግዙፍ ነው፣ ድምፅ የለውም። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ «ይሄ ነገር እሱ ያለበት አገር ድረስ ይታያል?» ዳይሬክተሩ «እናታችን፣ መብራት ያለበት ሁሉ ይታያል» አላት። ለሷ በቂ ነበር። ቤቱን በሙሉ አጠበችው።

ካሜራማኑ ካሜራውን በእግሩ አቁሞ ትቶት ወጣ። እውነቴን ነው፣ ትቶት ወጣ። በር ላይ ከኔ ጋር ቁጭ አለ። እማዬ ውስጥ ምስር ትለቅማለች፤ ቆይታ ቆይታ ካሜራው መኖሩን ረሳችውና ለራሷ ማውራት ጀመረች። ልጄ ጥርሱን ቆርኪ ሲከፍትበት ሸረፈው፣ ለጥምቀት ለስላሳ ገዝተንለት፣ የፊት ጥርሱ ጎኑ ተሸረፈ፣ ሲስቅ ነው የሚታየው፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ይስቃል አለች። ከዛ እንደገና ምስሩን ትለቅማለች፣ ትለቅማለች። ካሜራማኑ በጆሮዬ «እንዲህም ዓይነት ዶክመንተሪ አለ፤ ምንም ሳታዝ፣ ሳትናገር፣ ዝም ብለህ ማየት ነው» አለኝ። ይሄኛውን እኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ዳይሬክተሩም መጣና ትንሽ አይቶ «ተመልካች ይተኛብናል» አለ። ያ ሳይገባ ቀረ። ጥርሱም አብሮ ቀረ።

ከዛ ፎቶ አምጡ አለ። የነበረን ወንድሜ በልጅነቱ ፎቶ ቤት ተነስቶ የፕላስቲክ አበባ ይዞ የሚያለቅስበት ነው። ትልቅ ከሆነ በኋላ የተነሳው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው፤ መታወቂያውን ይዞት ሄዷል። ዳይሬክተሩ አበባዋን አየ፣ ከዛ እኔን አየኝ። «ይመሳሰላሉ?» አላት። እማዬ «ከጥርሱ በቀር አንድ ናቸው» አለች። በዛን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ኮራሁ። ፀጉሬንም በዛው ሳምንት ተስተካክዬ ነበር።

የመሄዱን ነገር በትወና እንሥራው ተባለ። ልክ እንደ ፖሊሱ ፕሮግራም። እሺ፣ መገናኛ እንሂድ አልኩ። ዳይሬክተሩ «እንጦጦ ነው የምንወጣው» አለ።

«እሱ እኮ በመገናኛ ነው የሄደው።»

«መገናኛ ላይ ማን ያለቅሳል?»

«መገናኛ ላይ ሁሉም ሰው ነው የሚያለቅሰው» አልኩት፣ «ዝናብ ሲዘንብ ታክሲ ጠብቀህ አታውቅም እንዴ።» ካሜራማኑ ብቻ ሳቀ።

ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ወደ እንጦጦ ጫካ ወጣን። ጭጋግ እስኪመጣ ጠበቅን፤ ጭጋጉ ሲመጣ ዳይሬክተሩ ልክ ራሱ ያዘዘው ይመስል ፈገግ አለ። ወንድሜ በጃኬት ነው የሄደው ብላቸው የሹፌራቸውን ጋቢ አለበሱኝ፤ ጋቢው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሂድ ተባልኩ፣ ሄድኩ። ተመለስ፣ ድገመው። ቀስ በል። ከባድ ነገር የተሸከምክ ምሰል። መሰልኩ። እንጨት የተሸከመች ሴትዮ መንገዱን ስለዘጋንባት ቆማ እየጠበቀች «ምን ጠፍቶበት ነው?» ብላ ጠየቀች። መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሩ ከኋላዬ ጮኾ «አሁን ዞር በልና እይ» አለ። ዞርኩ፣ አየሁ። ምን እያሰብኩ እንደነበረ ልንገራችሁ? ልብስ ሰፊው ቤት ያለችው ልጅ ይሄን ስታይ ምን ትል ይሆን እያልኩ ነበር። ያ የሐዘን አስተያየት የምትሉት እሱ ነው።

የታየው እሁድ ከሰዓት ነው። ሰፈሩ መዝናኛው ውስጥ ታጨቀ። እማዬ ከፊት ወንበር ተሰጣት፤ ሐጂም ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው መጥተው በር ላይ ቆሙ። ዋሽንቱ ገባ። ተራኪው በዛ ወፍራም ድምፁ የእናት ሆድ እያለ ጀመረ። አበባ የያዘው ሕፃን ታየ፣ ቀጥሎ እኔ በጭጋግ ውስጥ። «በትወና የቀረበ» የሚል ጽሑፍ ከታች አልፏል ይላሉ። እኔ አላየሁትም፣ እኔ ያየሁት ፊቴን ነው። እማዬ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ጋቢው ራቀ፣ ራቀ፣ ከዛ ዞር አልኩ።

እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። «አየኝ» አለች።

ከኋላዋ ነበርኩ፤ ትከሻዋን ያዝኳት። «እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ዝም በል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «አሁን አየኝ።»

ነጠላዋን አነሳች። ጀለሶቼ ወደኔ ዞረው ነበር፤ የዛን ቀን ግን ማንም ነቢይ አላለኝም።

ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር ተሰጥቷል፤ የሐጂ ሱቅ ስልክ። ሐጂ ከስልጤ የመጡ ናቸው፣ ሰፈሩን ሁሉ በዱቤ ያሳደጉ ሰው፣ ቁጣ የማያውቁ። ስልኩ በማግስቱ ጮኸ። ልጁን አይተነዋል፣ መገናኛ ነው ያለው፣ ሰማያዊ ሚኒባስ ላይ ነው አሉ። እማዬ የበዓል ጫማዋን አድርጋ ወጣች። አሁን አስቡት፤ እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ «ኮተቤ፣ ኮተቤ» እያልኩ ነው። ልንገራችሁ፣ ያንን መስመር እንደኔ የጠራው ሰው የለም፤ ኮተቤ የማይሄድ ሰው ሁሉ ይሳፈርልኝ ነበር። ቀና ስል እማዬ አስፋልቱን ስታቋርጥ አየኋት። እየሮጠች ነው፣ ነጠላዋ መሬት ይጎትታል፣ እየሳቀች ነው። አንድ ሁለት እርምጃ ሲቀራት እኔ መሆኔን አየች።

እናታችሁ እናንተን አይታ ሲከፋት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊቷ ላይ ያለው መብራት በናንተ ምክንያት ሲጠፋ? እኔ አይቻለሁ። ቶሎ ብላ «ምሳ በልተሃል?» አለችኝ። ልትሸፍነው ነው። አልተሸፈነም።

ታዲያ ያ የመጀመሪያው ነው። ወያላ ሆነህ አዲስ አበባ ውስጥ ፊትህን የማያይ ሰው የለም፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነህ፣ እንደ ቴሌቪዥን። ሾላ ላይ አየነው፣ አራት ኪሎ ላይ አየነው፣ ላምበረት ላይ ከሰው ጋር ሲጨቃጨቅ አየነው። ሁሉም እኔ ነኝ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለእናት አዝኖ ነው ከሥራው ተነስቶ ስልክ የሚፈልገው። አንዴ የማላውቃቸው የቤተክርስቲያን መዘምራን ሴቶች ሾላ ፌርማታ ላይ ከበቡኝ፤ ጸሎት ላይ ሆነን ታይተኸናል አሉ። አንደኛዋ እጄን ያዘችና «ወደ ቤትህ ግባ ልጄ፣ ይቅር ተብለሃል» አለችኝ። «እናቴ፣ ትናንትም እቤቴ ነው ያደርኩት» ብላት አለቀሰች። ተሳፋሪው «ወያላ እንሂድ እንጂ» እያለ ይጮኻል።

ፀጉሬን ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ። ስልኩ ጮኸ፤ «ሰው እንዳይለየው ፀጉሩን ተላጭቷል።» መስመር ቀየርኩ፣ ቦሌ ገባሁ። ከቦሌ ተደወለ። ጺም አሳደግኩ፣ ጺሙ ራሱ ሦስት ፀጉር ነው፤ «በጣም ተጎሳቁሏል» ተባለ። ጀለሶቼ ሙድ ያዙብኝ፤ «አንተ እኮ ታክሲ ውስጥ ገብተህ ነው የጠፋኸው» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ያ ግማሹ ሳቅ፣ የሱ፣ የለም፤ ቀልዴ ሁሉ መሬት ይወድቃል።

እማዬ ለሁሉም ትሄዳለች። የደወለውን ሰው መጀመሪያ «ጥርሱስ?» ትለዋለች። «አፉን ዘግቶ ነበር» ይላሉ፤ እኔ አፌን ዘግቼ የታየሁት መቼ እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። አንድ ቀን በር ላይ ጠብቄ «እማዬ እኔ እንደሆንኩ እያወቅሽ ለምን ትሄጃለሽ?» አልኳት። ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ» አለች። «አንዱ አንተ ባትሆንስ?»

ስልክ በማይደወልበት ቀን ደግሞ እንጦጦ መውጣት ጀመረች። ያን ዳገት፣ በዛ ጉልበት። ተከትያት ወጥቼ ያ የተቀረጽኩበት ቦታ ቆማ አገኘኋት፤ ባህር ዛፎቹን ታያለች። እሱ በዚህ አልሄደም፣ በመገናኛ ነው የሄደው፣ ሐጂ አይተውታል አልኳት። «እሱን አውቃለሁ» አለች፣ «እኔ ግን ሲሄድ ያየሁት በዚህ ነው።» ምን ትላለህ? ዳይሬክተሩን ጠርቼ አሁን መልሰው አልለው ነገር። ይዣት ወረድኩ።

ሐጂ ይሄን ሁሉ ያያሉ። ጉልበቷ ሲያብጥ አዩ፣ የበዓል ጫማዋ ሶሉ ሲላቀቅ አዩ። አንድ ቀን ማንንም ሳያማክሩ ስልኩ ሲጮኽ እሳቸው መመለስ ጀመሩ፤ «እሱ ወንድሙ ነው፣ እናውቀዋለን፣ አላህ ይስጥልኝ» ብለው ይዘጉታል። ለእማዬ አዝነው ነው። እኔ ብሆንም እንደዛ ነበር የማደርገው፤ ማንም ሰው እንደዛ ነበር የሚያደርገው። እማዬም ስልኩ ዝም ሲል ሰው ረሳን ብላ ተቀመጠች።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ላይ ነው። ሱቁ ጋ ለስላሳ እየጠጣሁ ሐጂ ስኳር ይመዝናሉ፤ ሊያስቁኝ ብለው ነው የነገሩኝ። «አንተ ደግሞ የማትደርስበት የለም» አሉ። «ክረምት ላይ ሞጆ ጎማ ስትለጥፍ ታይተሃል። አንዱ ጎሚስታ ነው የደወለው፤ ወንድሙ ነው ብዬ ዘጋሁበት።»

እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር። «ሐጂ፣ እኔ ሞጆን በዓይኔም አላውቃት» አልኩ። «ቃሊቲን አልፌ ሄጄ አላውቅም።»

ስኳሩ መፍሰሱን ቀጠለ። ሚዛኑ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዛ መሬት ላይ። ሐጂ እጃቸውን አላነሱም። «ያ ረቢ» አሉ። ሐጂ ለጁምዓ ካልሆነ ሱቅ ዘግተው አያውቁም፤ የዛን ቀን ዘጉ። እማዬን ከገበያ ወሰድናትና ሦስታችንም ሞጆ ሄድን።

ጎሚስታው ከጭነት መኪኖች ማቆሚያ ጎን ነው፣ ከፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን ያለው ሆቴል አለ። ገና ከአውቶቡስ ወርደን ስንቀርበው ሰውዬው እኔን አይቶ መዶሻውን አስቀመጠ። «አንተ ነህ ታናሹ» አለኝ። ቴሌቪዥን ላይ ከታየሁ ወዲህ የማላውቀው ሰው እኔን እኔ መሆኔን የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። እማዬ ሰላምታም አልሰጠችው።

«ጥርሱስ?» አለች።

«የፊት ጥርሱ፣ እዚህ ጋ የተሸረፈ» አለ ጎሚስታው፣ በጥቁር ጣቱ የራሱን ጥርስ እየነካ። «ሲስቅ ነው እንጂ አያስታውቅም።»

እማዬ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ሰውዬው ቀስ ብሎ ነገረን። ወንድሜ ከጭነት መኪናው ከወረደ በኋላ እሱ ጋ ነበር፣ ጎማ ይለጥፍ ነበር፣ ሥራ አይመርጥም። ፕሮግራሙ የታየ ቀን ሆቴሉ ውስጥ አብረው ነበሩ። እኔ ጋቢ ለብሼ ስወጣ ወንድሜ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ፤ «ወንድሜ ነው፣ አረማመዱን እዩት፣ ፍራሽ የተሸከመ ይመስላል» እያለ ለሰው ሁሉ አሳየ። እማዬ ስትታይ ግን ተነስቶ ወጣ። ጎሚስታው ደውልላቸው እንጂ ብሎ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ሰጥቶት ነበር። እሱ ደግሞ «እኔ እዛው ነኝ አይደል እንዴ፤ አየኸኝ እኮ፣ ምን ይፈልጉኛል» አለ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረው አለ ጎሚስታው። ክረምት ላይ ልቡ አላርፍ ሲለው ጎሚስታው ራሱ ደወለልን፤ ያኔ ወንድሜ ገና እሱ ጋ ነበር፣ በስተኋላው ጎማ ይነፋ ነበር። ስልኩ ተዘጋበት። ከዛ ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ወደ ጅቡቲ መንገድ ከሚወርድ መኪና ጋር ሄደ። የማን መኪና እንደሆነ ሰውዬው አያውቅም።

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። እማዬ ጎሚስታውን ቀና ብላ አየችው።

«ሳቀ?» አለች።

«ሳቀ፣ እማማ። በጣም ነው የሳቀው።»

«ከዛስ፣ እኔን ሲያይ?»

ሰውዬው መዶሻውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «ወጣ» አለ።

በአውቶቡስ ተመለስን። መገናኛ ወረድን። ወያሎቹ ይጮኻሉ፣ ሰው ይጋፋል፣ እማዬ መሀል አስፋልት ላይ ቆማ ወደ እንጦጦ አየች። ከዛ ወደኔ ዞረች። ያ መብራቱ የሚጠፋው ፊት አይደለም፤ ምንም የሌለበት ፊት ነው። «ዞሮ ያየኝ እሱ አልነበረም» አለች። «አንተ ነህ።»

አዎ እማዬ አልኳት። ከዛ ቀን በኋላ እንጦጦም አልወጣችም፣ ስልክም አልጠየቀች። በሩም በጊዜ ይዘጋ ጀመር። እኔ አንድ ቀን ተመልሶ ክፍት በሆነ ብዬ እየተመኘሁ ነበር የምገባው።

ሰፈሩ ኋላ ፈረሰ። አንዱ ወደዛ አንዱ ወደዚህ ተበተነ፤ እኛን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ፣ ለዛ ጉልበት። ወንድሜን የሚያውቀው ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ሄደ፤ እዚህ ብሎኩ ላይ ያለው ሰው የሚያውቀው ቴሌቪዥኑን ነው። ቢመጣ ራሱ የትኛው በር ብሎ ያንኳኳል? የድሮው በር የነበረበት አሁን መንገድ ነው። እማዬ እዚሁ አረፈች። ድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቤ ሰው አይለይም ነበር፤ ጥሩ ጎረቤቶች ናችሁ፣ እሱን አልክድም። ግን ያላችሁኝን ታውቁታላችሁ። እርስዎ፣ እትዬ፣ እጄን ይዘው «አይዞህ፣ እሷ እንኳን ታድላለች፤ የጠፋ ልጇን አግኝታ ነው የሞተችው» አሉኝ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ፣ መገናኛን በአፉ የገዛው ሰው፣ መልስ አጣሁ። ልጇን ሳታገኝ መሞቷ አንሶ፣ ልጇም እንዳልነበረ ሆነ።

ስለዚህ ዛሬ መልሱን ያዙ። ጥርሴን እዩ፣ ሙሉ ነው፣ አንድም የተሸረፈ የለም፤ ቆንጆ ጥርስ ነው፣ ከፈለጋችሁ በእጃችሁ ነክታችሁ እዩት። አሁንም ካላመናችሁ ኮተቤ ሂዱና ሐጂን ጠይቋቸው፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ሱቃቸው እዛ ነው፣ ስልኩ ሲጮኽ እስከ ዛሬ እሳቸው አያነሱም። ሞጆ ወርዳችሁ ጎሚስታውን ጠይቁ። ካሜራማኑንም የት እንዳለ ካወቃችሁ ጠይቁ፤ ምስሯን ስትለቅም ያለው ፊልም እሱ ጋ ነው፣ እማዬ እዛ ውስጥ ስለማን እንደምታወራ ራሷ ትነግራችኋለች። ሂዱ፣ እዛ የነበረውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቁ፤ ወንድም አልነበረውም የሚል አንድ ሰው ካገኛችሁ ይዛችሁት ኑ።